የጠጅቱ አብሽ

ጠጅቱ ሰባት ወር ሙሉ ባሏን በየቀኑ አታለለችው። ሌላ ስም ፈልጉለት ብትሉኝ የለኝም፤ ማታለል ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ሲል ዘነበ ፊቱን ሊታጠብ ይገባል። እሷ የወጥ ቤቱን በር ገርበብ ታደርግና ከጨው ጣሳው ውስጥ የክኒኑን ፓኬት ታወጣለች። አንዷን ፍሬ በሁለት ማንኪያ መሃል ታስገባና በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች። ቀጭ ይላል። ድምፁ እንዳይሰማ ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ውሃ የጠፋ ቀን ደግሞ ታስላለች። ከዚያ ዱቄቱን አብሹ ላይ ትነሰንሰዋለች። አብሹ ማታ ተዘፍዝፎ፣ ምሬቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደፍቶ፣ ተመትቶ ተመትቶ አረፋ የሆነ ነው። ነጭ በነጭ፣ ማን ይለየዋል? ማር ጠብ፣ ሎሚ ጭምቅ፣ ማማሰል፣ አለቀ።

«እንካ አብሽህን» ትለዋለች።

ዘነበ ብርጭቆውን ግጥም ያደርግና ጢሙን በመዳፉ ይጠርጋል። «እሰይ! ይሄን ያበቀለ ጌታ ይመስገን! ሐኪሞቹ አሁን ምን ይበሉ?» ይላል። በየቀኑ ይሄንኑ ነው የሚለው። እሷም በየቀኑ ፊቷን እንዳያይባት ጀርባዋን ሰጥታው ዕቃ ታጥባለች።

ነገሩ የጀመረው በጥርስ ነው። ዘነበ ዕድሜውን ሙሉ ጌጃ ሰፈር ሲሰፋ የኖረ ልብስ ሰፊ ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ልጆቹን ኩሎ ድሮ አሁን ከሚስቱ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሆነው ይኖራሉ። ኅዳር ላይ መንጋጋው አብጦ አላስተኛ ሲለው ሊነቀል ሄደ። ጥርስ ሐኪሙ ክንዱን አስሮ ለካውና «አባቴ፣ በዚህ ግፊት ጥርስ አልነቅልም፤ ደሙ አይቆምልኝም» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሸኘው። ጤና ጣቢያ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ለኩት። ሦስቱንም ጊዜ መቶ ሰባ በመቶ አምስት፣ ፈቅ አይልም። ክኒን ታዘዘለት።

«ምኔን አሞኝ?» አለ ዘነበ። «ራሴን አያመኝ፣ አያዞረኝ! ሃያ ሊትር ጄሪካን ተሸክሜ ሦስት ፎቅ የምወጣውን ሰውዬ ደም ብዛት አለብህ ይሉኛል? የታመመው ማሽናቸው ነው!»

ይጮኻል እንጂ የዋህ ሰው ነው። ጩኸቱም ከፍርሃት እንደሆነ ጠጅቱ ታውቃለች። ታላቅ ወንድሙ ወንድምአገኝ የግፊት ክኒን በጀመረ በዓመቱ ነው የሞተው። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ ለዘነበ ክኒን ማለት መርዝ ማለት ነው፤ አለቀ፣ ደቀቀ።

ጠጅቱ ብቻዋን ጤና ጣቢያ ሄደችና ለነርሷ ለሌንሳ ይህንኑ ነገረቻት።

«ክኒኑ አይደለም እኮ የገደላቸው፣ እናቴ» አለች ሌንሳ። «እርስዎ እንደሚሉኝ ከሆነ ሲጀምሩ ኩላሊታቸው አልቆ ነበር። ዘግይተው ነው የመጡት። ሰው ሁሉ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ አያምማ!»

«ሳያም እንዴት በሽታ ይሆናል?»

ሌንሳ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «ኮንዶሚኒየም አይደል የሚኖሩት? ውሃ ጠፍቶ ከርሞ በኃይል ሲመጣ ቧንቧው ሲንቀጠቀጥ አይተው አያውቁም?»

«እንዴታ! ባለፈው መጋጠሚያው ፈንድቶ የጎረቤቴን ምንጣፍ አበላሽቶብኛል።»

«ከመፈንዳቱ በፊት ምንም አላለዎትም አይደል? ይሄም እንደዚያ ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ደሙን ስትገፋ ያለው ኃይል ነው፤ የታችኛው ደግሞ ልብ አረፍ ስትል ያለው። ሁለቱ ከልክ አልፈው ሲከርሙ ቧንቧውን ውስጥ ውስጡን ይጎዱታል። ከዚያ አንድ ቀን ወይ እዚህ ነው፣» ብላ ጭንቅላቷን ነካች፣ «ወይ ልብ ነው፣ ወይ ኩላሊት ነው፣ ወይ ዓይን ነው። ክኒኑ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል እንጂ ነቅሎ አይጥለውም። ሰውየው የተወው ዕለት ተመልሶ መውጣት ይጀምራል። ጨውም ይቀንሱላቸው። ክኒኑ ግን በየቀኑ ነው፤ ደህና ነኝ ባሉም ቀን።»

ጠጅቱ ይህንን ሁሉ ቃል በቃል ይዛ ተመለሰች። ለመነችው፣ አለቀሰች፣ እግሩ ላይ ወደቀች። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና ፓኬቱን ከነካርቶኑ በበረንዳ ወረወረው።

ያነሳላት ኦልጅራ ነው። ኦልጅራ ልክ ከበላያቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጣ፣ ከሸሚዙ አንገት እስከ ጫማው ክር ሥርዓት የያዘ ሰው ነው። ከዘነበ ጋር ግቢው ውስጥ በቆርኪ ዳማ ሳይጫወቱ የሚውሉበት ቀን የለም። ያን ዕለት ደረጃውን ወጥቶ ፓኬቱን ለጠጅቱ በእጇ ሰጣት።

«ያ ጓደኛዬ አናቴ ላይ ሊጥለው ምንም አልቀረው» አለ እየሳቀ። «እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ የምውጠው ይሄንኑ ነው። አስቀምጪው፣ ጠጄ፣ አንድ ቀን ልብ ይገዛል።»

እሷም ጨው ጣሳው ውስጥ አስቀመጠችው። ዘነበ በሕይወቱ ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ጨው ጣሳ ደግሞ የት ያውቃል!

በሳምንቱ ይኸው ዘነበ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «አብሽ ደም ብዛትን ድራሹን ያጠፋዋል» ብሎት እየበረረ መጣ። «ጠጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ አብሽ ዘፍዝፊልኝ!» አለ። እሷ ጨው ጣሳውን አየችው። እግዚአብሔር ራሱ በር የከፈተላት መሰላት። ምን ታድርግ? ባሏ እንዲኖርላት ነው የፈለገችው። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

የወሩን ክኒን በእሱ ካርድ እየተቀበለች ታመጣለች። ሌንሳ «እሳቸውን ይዘውልኝ ይምጡ እንጂ፣ መለካት አለባቸው» ስትላት «እሺ፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። አንዱ ውሸት ሌላውን ይጠራል፤ እሷም ወር በመጣ ቁጥር ትጨምራለች።

በሦስተኛው ወር ዘነበ ራሱ ታክሲ ተራው ጋ ያለው ፋርማሲ ገብቶ ተለካ። መቶ ሃያ ስምንት በሰማንያ ሁለት! ቁጥሩን የጻፉለትን ብጣሽ ወረቀት እያውለበለበ ሦስቱን ፎቅ እየጮኸ ወጣ። ጠጅቱ ወጥ ቤት ገብታ በደስታ አለቀሰች። ያን ዕለት ብትነግረው ኖሮ! ወረቀቱ በእጁ ነው፣ ደስታው ገና ትኩስ ነው፣ ምናልባት ስቆ ያልፋት ነበር። አልነገረችውም። ይቆጣና ይተወዋል ብላ ፈራች።

ከዚያ ወዲያ ዘነበ ሰባኪ ሆነላችሁ። ያቺን ብጣሽ ወረቀት እንደ መታወቂያ ደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል። አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው ነጋዴው ጃፋርና ሹፌሩ ጂራታ ሁለቱም የግፊት ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። «ምን ክኒን ትቅማላችሁ? እኔን እዩኝ! አንድ ፍሬ ሳልውጥ!» ይላቸዋል። እነሱም ወረቀቱን ተቀባብለው ያዩና ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ።

ኦልጅራ ብቻ እምቢ አለ። ዳማውን ደርድሮ «ስብከትህን ትተህ ቅደም» ይለዋል። ሁልጊዜም መጀመሪያ እንዲጫወት የሚሰጠው ለዘነበ ነው። «አንተ ቅደም» ማለት የሱ ልማድ ነው፤ እንግዳ ተቀባይነቱም ንቀቱም እዚያችው ውስጥ አለ።

ክረምቱ ሲገባ ግን የኦልጅራ ቁርጭምጭሚት ያብጥ ጀመር። ክኒኑ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ሄዶ ቢናገር በሌላ ይቀይሩለት ነበር። እሱ ግን የሚወደው ጫማ አልገባ ብሎት ተናዶ፣ በነጠላ ጫማ ወርዶ ዳማው ፊት ተቀመጠ። ዘነበ እግሩን አየና «አየህ? ክኒኑ ነው! የኔን እግር ተመልከት፣ የጎረምሳ እግር!» አለው። ኦልጅራ ያን ዕለት አልሳቀም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የኦልጅራ ሚስት ደሚቱ ከላይ ወርዳ መጣች። ጠጅቱና ደሚቱ እህትማማች ማለት ናቸው። ዕጣ ወጥቶላቸው እዚህ ሕንፃ ከገቡ ጀምሮ ሽንኩርት ያለቀባት ገበያ አትሄድም፣ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች አንድ ፎቅ ትሄዳለች።

«ጠጄ፣ ያንን አብሽሽን አሳዪኝ እስቲ። ሰውዬው እንዴት እንደምትሠሪው ጠይቂያት ብሎኝ ነው።»

የጠጅቱ እጅ ቀጥ አለ። «ክኒኑስ?»

«ትቶታል፤ ዛሬ አሥራ አምስት ቀኑ። ጋሽ ዘነበ ያለ ክኒን አይደል እንዴ የዳኑት!»

ጠጅቱ አፏን ከፈተች። «ደሚ፣ ስሚኝማ» ልትል ነበር። ዘነበ ሳሎን ተቀምጦ ሬዲዮ እየሰማ ያንጎራጉራል። ድምፁ ጆሮዋ ገባ። ለደሚቱ ብነግራት ለባሏ ትነግራለች፤ ባሏ ዳማ ላይ ለዘነበ ይነግረዋል፤ ዘነበ ከዚያች ቀን ጀምሮ ይተወዋል፤ ከዚያ ወንድሙ ጎን ነው የምቀብረው። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣባት።

«ክኒኑንም ባይተው ጥሩ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ለምን? ምን ያደርግለታል?»

«እንዲያው… ለማንኛውም ብዬ ነው።»

ከዚያ አሳየቻት። ይሄን ያህል ዱቄት፣ ይሄን ያህል ውሃ፣ ምሬቱን ድፊ፣ ምቺው፣ ማር ጣል አድርጊ። ሁሉንም አሳየቻት፤ አንዷን ነገር ብቻ አላሳየቻትም። ደሚቱ ጉንጯን ስማት ወጣች።

አይ ጠጅቱ! ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበራትም። ከላይ ወንበር ሲጎተት በሰማች ቁጥር ልቧ ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ኦልጅራን ደረጃው ላይ አድብታ ያዘችው። «ጋሽ ኦልጅራ፣ በማርያም፣ ክኒንዎን አይተዉ። ይለኩ።»

«ተለክቻለሁ፤ በተውኩ በሳምንቱ ደህና ነበርኩ» አለ ኦልጅራ። ክኒኑ ገና ከደሙ ተሟጦ አልወጣም ነበር፤ እሱ ያንን የት ያውቃል? «ምነው ጠጄ፣ የባልሽን አብሽ ለኛ ሰሰትሽ እንዴ?» ብሎ ስቆባት አለፈ።

ቅዳሜ እነግራለሁ አለች። ቅዳሜ ዝናብ ሆነ። ሰኞ አለች። ሰኞ ዘነበ ጉንፋን ይዞት ነበር፤ አሁን አታስቆጪው አለች ለራሷ። ሰው ፈሪ ሲሆን ምክንያት አያጣም። እንዲህ እንዲህ እያለች አንድ ወር አለፈ።

ሐሙስ ጠዋት ማንኪያዎቹን ይዛ ቆማ ሳለች ከበላይዋ የሆነ ነገር ዱብ አለ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የደሚቱ ኡኡታ መጣ። ዘነበ ሳሙናውን ከፊቱ ሳያጥብ ሮጦ ወጣ። ኦልጅራ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቋል። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፣ አፉ ወደ አንድ በኩል ዞሯል፣ የሚለው ነገር ቃል አልሆን አለ። ሕንፃው ሊፍት የለውም። ጃፋርና ጂራታ መጥተው በብርድ ልብስ ጠቅልለው አራት ፎቅ አወረዱት፤ ዘነበ ራሱን ደግፎ ይዟል። ሦስተኛ ፎቅ በሯ ላይ ሲያልፉ ኦልጅራ ዓይኑን ጠጅቱ ላይ ጣለ። ማንኪያዎቹ አሁንም በእጇ ነበሩ።

ስትሮክ ነው አሏቸው ሆስፒታል። ከስንት ሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወጣች፤ ዶክተር ሴና ትባላለች፣ ገና ልጅ ናት፣ ዓይኗ ደክሟል። ሁሉም፣ ጠጅቱም ጭምር፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ነበሩ።

«በሕይወት አሉ» አለች። «ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው ግን ተጎድቷል። ምን ያህል እንደሚመለስ አሁን ልነግራችሁ አልችልም። ሲመጡ ግፊታቸው ሁለት መቶ ሃያ በመቶ ሃያ ነበር። መድኃኒት አይወስዱም ነበር?»

«ይወስድ ነበር» አለች ደሚቱ። «ተወው። ወር ከአሥራ አምስት ቀን ሆነው።»

«ለምን?»

ደሚቱ ዘነበን አየችው። ዘነበ ተነሳ፤ ፊቱ ላይ የደረቀው ሳሙና ገና አለ። «ዶክተር፣ መተዉ አይደለም የመታው!» አለ። «ስድስት ዓመት የዋጠው ክኒን ነው የጎዳው። አብሹንም በደንብ አልዘፈዘፈው ይሆናል። እኔ ምስክር ነኝ! ሰባት ወር ሙሉ አንድ ክኒን ሳልውጥ ይኸው ቁጥሬ፣ እዩት!» ብሎ ብጣሿን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ወደ ጃፋርና ጂራታ ዞረ። «እናንተም እንዳትደነግጡ። የጀመራችሁትን አብሽ እንዳትተዉ።»

ጃፋር መሬት መሬት አየ። ጂራታ «እኔም ከተውኩት ሦስት ሳምንቴ ነው» አለ በቀጭን ድምፅ።

ጠጅቱ ሁለቱን ሰዎች አየቻቸው። ጃፋር አራት ልጆች አሉት። ተነሳች።

«ውጠሃል» አለች።

«ምን?» አለ ዘነበ።

«በየቀኑ ውጠሃል። ፈጭቼ አብሹ ውስጥ የምጨምርልህ እኔ ነኝ። ሰባት ወር ሙሉ። ቁጥርህን ያወረደው አብሽ አይደለም፣ ዘነበ፤ ክኒኑ ነው።» ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞረች። «በልጆቻችሁ ይዣችኋለሁ፣ ዛሬውኑ ሂዱና ተለኩ!»

«ዛሬውኑ» አለች ሐኪሟም።

ዘነበ ይጮኻል ብላ ጠበቀች፤ ጩኸቱን ለምዳዋለች፣ ጩኸት በሆነ ነበር! አልጮኸም። ወረቀቷን አያት፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጣት፣ ኮሪደሩን ይዞ ወጣ።

ጃፋርና ጂራታም ሊለኩ ሄዱ፤ ደሚቱ ብቻ ቀረች። «አሳዪኝ ብዬሽ ስመጣ ይሄ ነገር የት ነበር?» አለቻት።

«ጨው ጣሳው ውስጥ» አለች ጠጅቱ።

«ባልሽን አተረፍሽ» አለች ደሚቱ። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «በኔ ባል።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ጠላቴም አይያቸው። ዘነበ ቤት ያድራል እንጂ ከእጇ ምንም አይቀምስም። ዳቦና ሙዝ ገዝቶ ይገባና በረንዳ ላይ ፊቱን አዙሮ ይበላል። ውሃ እንኳ ክዳኑ ያልተከፈተ እሽግ ገዝቶ ነው የሚጠጣው። እሷ ክኒኑን በመዳፏ ይዛ ፊቱ ትቆማለች። «አልፈጨሁትም፤ ይኸው፣ እያየኸው። በገዛ እጅህ ዋጠው። ከፈለግህ በድንጋይ ምታኝ፣ እሱን ብቻ ዋጥ።»

«ካንቺ እጅ?» ይላል ዘነበ። «ሠላሳ አራት ዓመት ያጎረስሽኝ እጅ ነው ብዬ አፌን ስከፍት! ከእንግዲህ ካንቺ እጅ ውሃ አልጠጣም።»

ሌንሳ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ተናዘዘች። ሌንሳ በጣም ተቆጣች። «ሰው ሳያውቅ መድኃኒት ይሰጠዋል እንዴ? ሳይለኩ፣ ምን እንደሚያደርጋቸው ሳናይ!» አለች። ከዚያ ለስለስ ብላ «አሁን ግን ያሳምኗቸው፣ እናቴ። ከተዉት በቀናት ውስጥ እየወጣ ነው የሚሄደው። ሳይታወቃቸው» አለቻት።

ሳይታወቃቸው! ጠጅቱ ባሏ መታጠቢያ ቤት በገባ ቁጥር በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ውሃ ሲንሿሿ ትሰማለች፣ ሲያስል ትሰማለች፤ ዝም ካለ ግን በሩን ትደበድባለች። «ምንድን ነው?» ይላል ከውስጥ። «ምንም» ትላለች። ስድስት ቀን፣ ስምንት ቀን፣ አሥር ቀን። የሰው ልብ ይህን ያህል ፍርሃት መቻሉ ይገርማል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ኦልጅራ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው አራት ፎቅ አወጡት፤ አንዱን እግር የያዘው ዘነበ ነው። ጠጅቱም ተከትላ ወጥታ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ቆመች። ግቢ ያላት የለም።

ደሚቱ ባሏን ሐኪሟ እንዳዘዘቻት ቀና አድርጋ አስቀመጠችውና ክኒኑን በመዳፏ አቀረበችለት። ኦልጅራ ጥርሱን ገጥሞ ፊቱን አዞረ። እንደገና አቀረበች። እንደገና አዞረ።

«ዋጥ እንጂ! ምን ላድርግህ?» አለች ደሚቱ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ዳግመኛ መቶህ ልትሞትብኝ ነው?»

ኦልጅራ ዘነበን ነበር የሚያየው። ዘነበ ግድግዳውን ተደግፎ ላቡን ይጠርጋል፤ ፊቱ ቀልቷል። ኦልጅራ ደህናውን ግራ እጁን አነሳና ክኒኑን ከሚስቱ መዳፍ ለቀም አደረገ። ወደ ዘነበ ዘረጋው።

«አ…ንተ» አለ። ከንፈሩ እየተጎተተ፣ ምራቁ እየወረደ፣ እንደ ምንም ብሎ ጨረሰው። «ቅ…ደም።»

ከወደቀ ወዲህ ሰው የገባው የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ከዚያ ዘነበ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ትከሻው እየተናጠ፣ በሰው ፊት፣ ሳያፍር።

ወጣ። ጠጅቱን አልፏት ደረጃውን ወረደ፤ እሷም ተከተለችው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥ ቤቷ ገባ። «የታለ?» አለ። ጨው ጣሳውን አውርዳ ሰጠችው። ጣቱን ጨው ውስጥ ከቶ ፓኬቱን አወጣና ጨውን አራገፈ። ምንም ሳይላት ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ውሃ ራሱ ቀድቶ ወደ ላይ ተመለሰ።

ኦልጅራ ፊት ተቀምጦ ዋጠ። አፉንም ከፍቶ አሳየው። ኦልጅራ አየ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ከፈተ፣ ከዚያ ጥርሱን አላቀቀ። ውሃው በጠመመው ከንፈሩ በኩል ሲፈስ ደሚቱ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

ከዚያ ዕለት ወዲህ ዘነበ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲል ፓኬቱን ወረቀቷ በነበረችበት ደረት ኪሱ ይዞ አንድ ፎቅ ይወጣል። እሱ ካልቀደመ ኦልጅራ አይውጥም። ጤና ጣቢያም ሄዶ ተለካ፤ መቶ ስልሳ አራት በመቶ ነበር፤ ካርዱን ከጠጅቱ ወስዶ አሁን ቀጠሮውን የሚይዘው ራሱ ነው። ጃፋርና ጂራታም ወደ ክኒናቸው ተመልሰዋል። ጠጅቱ ያኔ እግሩ ላይ ወድቃ የለመነችው ይኸው ሆነላት። ባሏ በገዛ እጁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ክኒን ይውጣል። ከእጇ ግን ገና አልጎረሰም። ከበላይዋ ደግሞ አንድ ሥርዓተኛ ሰው የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ይቀመጣል።

አንድ ጠዋት የአጃ ሾርባ ሠራች፤ ለስለስ ያለ፣ ጨው የሌለው። ድስቷን በፎጣ ይዛ አራተኛ ፎቅ ወጣችና አንኳኳች። ደሚቱ ከፈተች። ሰላም አላለቻትም፤ በሩንም አልዘጋችባትም።

«ለጋሽ ኦልጅራ ነው» አለች ጠጅቱ። «አጃ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።»

ደሚቱ ወደ ውስጥ ተመለሰችና ማንኪያ ይዛ መጣች። ክዳኑን ከፈተች፣ ማንኪያውን ዘረጋችላት። «ቅመሺ» አለቻት።

ቀምሶ መስጠት ለእንግዳ፣ ለማያውቁት ሰው ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እዚህ በር ላይ ማንም ጠጅቱን ቅመሺ ብሏት አያውቅም። ከደሚቱ ትከሻ ኋላ ኦልጅራና ዘነበ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩዋታል። ጠጅቱ አንድ ማንኪያ ሞልታ ዋጠች። ትኩስ ነበር፤ ጉሮሮዋን አቃጠላት።

«ድገሚ» አለች ደሚቱ።

ደገመች። እንባዋ ማንኪያው ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ደሚቱ አፏን እያየች ጠበቀች፣ ከዚያ ድስቷን ከእጇ ተቀበለቻት።

«ነገም ስታመጪ እንዲሁ እዚህ ቆመሽ ትቀምሻለሽ» አለችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«እሺ» አለች ጠጅቱ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ባሏ እስኪወጣ ጠበቀች።